የዳኑት አይጦች እና ፍሪጃችን ውስጥ ያለው ኢንሱሊን

ነርስ ጡረታ ብትወጣም ጥያቄው ጡረታ አይወጣም። ለቅሶ ቤት፣ ዕድር ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» የሚለኝ ሰው አላጣም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የበዛው ጥያቄ ስለ ስኳር በሽታ ነው። «የስኳር በሽታ በስቴም ሴል ዳነ የሚል ነገር ስልኬ ላይ ደረሰኝ፤ እውነት ነው ወይስ እንደ ሌላው ወሬ ነው?» ይሉኛል።

ዜናው ውሸት አይደለም። የስኳር በሽታ የያዛቸው አይጦች ከስቴም ሴል የተገኙ፣ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሕዋሳት ተሰጥቷቸው ድነዋል። ይህ በአንድ ቦታ ሳይሆን በተለያዩ አገሮች፣ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ደጋግሞ የታየ ነው። ችግሩ፣ ዜናው ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ መጀመሪያ የሚወድቀው ቃል «አይጦች» የሚለው መሆኑ ነው። ያ ቃል ሲወድቅ እናት የልጇን መርፌ ለማቆም ታስባለች፤ አባት መሬት ሸጦ ውጭ አገር ለመሄድ ይነሳል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አይጦቹ በደንብ እንነጋገር። ምን እንደተደረገላቸው፣ ለምን እንደዳኑ፣ ከእነሱ እስከ ልጆቻችን ያለው መንገድስ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ተስፋን አያጠፋም፤ ተስፋን በቦታው ያስቀምጣል እንጂ።

የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆሽት ውስጥ ያሉ ደሴቶች

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የተጋደመ፣ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል። በውስጡ ግን እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቃቅን የሕዋስ ክምችቶች አሉ። በ1869 ፖል ላንገርሀንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በማይክሮስኮፕ አይቶ ስለገለጻቸው «የላንገርሀንስ ደሴቶች» ተብለው በስሙ ተጠሩ። በደሴቶቹ ውስጥ ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት ይኖራሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መለካትና የሚያስፈልገውን ያህል ኢንሱሊን መልቀቅ ነው። ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል እንዲገባ በር ይከፍታል።

ዓይነት አንድ በሚባለው የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቤታ ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ብዙ ጊዜ ሕፃናትንና ወጣቶችን ይይዛል፤ ኢንሱሊን በመርፌ ካልተሰጠ በሕይወት መቆየት አይቻልም። ዓይነት ሁለት ከዚህ ይለያል። ሰውነት ኢንሱሊኑን እንደ ቀድሞው አይታዘዘውም፤ ቆሽትም ከብዙ ልፋት በኋላ ይደክማል። በየቤቱ ኪኒን የሚወስዱት ወላጆቻችን አብዛኞቹ ዓይነት ሁለት ናቸው። ይህን ልዩነት ልብ በሉት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የስኳር ሕመምተኛን የምንከታተለው በሽንት ነበር። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ የቤኔዲክት ፈሳሽ እናደርግና ጥቂት የሽንት ጠብታ ጨምረን በእሳት እናፈላዋለን። ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ደግ ነው። ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም እንደ ሸክላ ወደ ቀላ ቀለም ከሄደ ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው። መርፌውም የብርጭቆ ነበር፤ እየቀቀልን ደግመን እንጠቀምበታለን። ዛሬ በጣት ጫፍ በአንድ ጠብታ ደም ይለካል፤ ከቆዳ ላይ ተለጥፎ ሌሊቱን ሙሉ የሚለካ መሣሪያም መጥቷል። እንዲህም ሆኖ ሁላችንም ከውጭ ነው የምንለካው። ቤታ ሕዋስ ግን እዚያው ደሙ መሃል ተቀምጦ፣ ሰው ሲበላም ሲጾምም፣ ሲሮጥም ሲተኛም፣ እየለካ ያስተካክላል። መርፌ ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። ተመራማሪዎች «መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱን የሚሠራውን ሕዋስ ለምን አንሰጥም?» ብለው የተነሱት ለዚህ ነው።

ታሪኩ ከውሻ ይጀምራል

ስለ ስኳር በሽታ የምናውቀውን ብዙውን ነገር ያስተማሩን እንስሳት ናቸው። በ1889 በስትራስቡርግ ከተማ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች ከአንድ ውሻ ላይ ቆሽቱን በቀዶ ሕክምና አወጡ። ውሻው ደጋግሞ ይሸና ጀመር። ሽንቱ ሲመረመር በስኳር የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የስኳር በሽታ ከቆሽት ጋር የተያያዘ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ከሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1921፣ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ቆሽታቸው ለወጣ ውሾች ሰጡ። የውሾቹ ስኳር ወረደ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ፈሳሹን አጣራው። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በዓለም የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ያልጠራ ስለነበር ብዙም አልረዳውም፤ ከቀናት በኋላ የተጣራው ሲሰጠው ግን ስኳሩ ወረደ። ለሞት ተቃርቦ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ስለዚህ «የእንስሳ ሙከራ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ለሚል ሰው መልሱ ፍሪጁ ውስጥ አለ። ኢንሱሊን ራሱ በውሻ በኩል ነው ወደ ልጆቻችን የደረሰው።

ቆሽት የሚሰጥ ሰው ከየት ይምጣ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፖል ሌሲና ባልደረቦቹ ከጤነኛ አይጥ ቆሽት ደሴቶቹን ለይተው በማውጣት የስኳር በሽታ ላለባት አይጥ ሰጡ። የአይጧ ስኳር ተስተካከለ። ሙሉ ቆሽት ማዛወር ሳያስፈልግ ደሴቶቹ ብቻ ሥራውን መሥራት እንደሚችሉ ታወቀ።

ይህ ወደ ሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጀ። በ2000 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ከሞቱ ለጋሾች የተወሰዱ ደሴቶችን ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር በኩል ለ7 ሕመምተኞች ሰጡ። ሰባቱም ኢንሱሊን መወጋት አቆሙ። ዓለም በደስታ ተነሳ። ይሁን እንጂ ለአንድ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሁለትና ከዚያ በላይ ለጋሾች ቆሽት ያስፈልግ ነበር። በዚህ ዘዴ የታከሙ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩም ያለ ኢንሱሊን የቀሩት ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። በዓለም ያለው የስኳር ሕመምተኛ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ቆሽት የሚለግስ ሟች ግን በጥቂቱ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጥያቄው «ቤታ ሕዋስን ማምረት ይቻላል ወይ?» ወደሚል ተለወጠ። ስቴም ሴል የገባው እዚህ ላይ ነው።

ስቴም ሴል ማለት ምን ማለት ነው?

ስቴም ሴል ገና ሥራው ያልተመደበለት ሕዋስ ነው። የልብም፣ የቆዳም፣ የነርቭም፣ የቆሽትም ሕዋስ ሊሆን ይችላል። በማሕፀን ውስጥ ፅንስ ሲያድግ እያንዳንዱ ሕዋስ በየተራው ምልክት እየተቀበለ ወደ ሥራው ይሄዳል። በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ቶምሰን ከሰው የመጀመሪያ ደረጃ ፅንስ እንዲህ ዓይነት ሕዋስ ለይቶ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ቻለ። በ2006 ደግሞ በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሺንያ ያማናካ የአይጥ ቆዳ ሕዋስን አራት ዘረመሎች በመጨመር ወደ ስቴም ሴልነት መለሰው፤ በቀጣዩ ዓመት በሰው ሕዋስ ደገመው። በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ፅንስ ሳይነካ፣ ከገዛ ቆዳችን ስቴም ሴል ማግኘት ተቻለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሕዋሱን ቤታ እንዲሆን ማስተማር ነበር። ሥራው እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እንኩሮው እያንዳንዱ በጊዜው ካልገባ አይሆንም። ተመራማሪዎቹም ፅንስ በማሕፀን ውስጥ የሚቀበለውን ምልክት እየተከተሉ፣ በየደረጃው የተለያየ ንጥረ ነገር በመጠኑና በቀኑ እየጨመሩ ሕዋሱን ይመሩታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወር ያህል ይፈጃል።

አይጧ እንዴት ዳነች?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አይጥ በራሷ የስኳር በሽታ እስኪይዛት አይጠበቅም። ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል ኬሚካል ትወጋለች፤ ይህ ኬሚካል የአይጧን ቤታ ሕዋሳት ይገድላል። ስኳሯ ይወጣል። የሰው ሕዋስ ደግሞ በአይጥ አካል ውስጥ ባዕድ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት የሰውነት መከላከያ ሳይኖራቸው የተወለዱ አይጦች ናቸው። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ የተሠሩት የሰው ሕዋሳት ብዙ ጊዜ በኩላሊቷ ስስ ሽፋን ሥር ይቀመጣሉ። ቦታው የተመረጠው ደም በደንብ ስለሚያገኝና ኋላ መልሶ ለማውጣት ስለሚመች ነው። በየጊዜው ከጅራቷ ጠብታ ደም ተወስዶ ስኳሯ ይለካል።

በ2008 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ የሚገኝ ኖቮሴል የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች ገና ያልበሰሉ የቆሽት ሕዋሳትን ለአይጦች ሰጡ። ሕዋሳቱ በአይጦቹ ውስጥ ከወራት በኋላ በስለው ኢንሱሊን ማምረት ጀመሩ። ከዚያም የአይጦቹ የራሳቸው ቤታ ሕዋሳት በኬሚካሉ ሲገደሉ ስኳራቸው አልወጣም፤ የሰው ሕዋሳቱ ጠብቀዋቸዋል። እኔን ከሁሉ ያሳመነኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። የተተከለውን መልሰው ሲያወጡት የአይጦቹ ስኳር ወዲያውኑ ወጣ። ሥራውን የሠራው የተሰጠው ሕዋስ እንጂ ሌላ ነገር እንዳልነበረ በዚህ ተረጋገጠ። በአንዳንዶቹ አይጦች ላይ ግን ከተተከለው ሕዋስ ዕጢ መሰል እድገት ታይቷል፤ ይህንንም ሳይደብቁ ጻፉት።

በ2014 ሁለት ቡድኖች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። አንደኛው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዳግላስ ሜልተን ቡድን ነው። ሜልተን ቀድሞ በእንቁራሪት እድገት ላይ የሚመራመር ሰው ነበር። ልጁ ገና በ6 ወሩ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ሲገኝበት ሥራውን ሁሉ ወደዚህ አዞረ፤ ከዓመታት በኋላ ሴት ልጁም ያው በሽታ ያዛት። ቡድኑ በአንድ ዕቃ ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ፣ ስኳር ሲጨመርባቸው ኢንሱሊን የሚለቁ ሕዋሳት ማምረት መቻሉን አሳየ፤ ሕዋሳቱም ለስኳር ሕመምተኛ አይጦች ተሰጥተው ስኳራቸውን አወረዱ። በዚያው ዓመት በካናዳ ቫንኩቨር የቲሞቲ ኪፈር ቡድን ከኩባንያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ የተሰጡት ሕዋሳት የአይጦቹን ስኳር በ40 ቀን ገደማ ወደ ጤናማው መጠን እንደመለሱት ገለጸ።

በ2020 ደግሞ በዚያው ፖል ሌሲ በሠራበት በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ሚልማን ቡድን የሕዋሱን ውስጣዊ መዋቅር በማስተካከል የተሻለ ቤታ ሕዋስ ሠራ። አይጦቹ ስኳራቸው ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ነበር፤ ይህ እኛ ሰው ላይ ብናየው ተሯሩጠን ድንገተኛ ክፍል የምናስገባበት ቁጥር ነው። ሕዋሱ በተሰጣቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ስኳራቸው ጤናማ ሆነ፤ 9 ወርም ቆየ። ሁለት ዓመት ያህል ለምትኖር አይጥ 9 ወር ረጅም ዕድሜ ነው።

ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ

እንግዲህ «አይጧ ከዳነች ልጄ ለምን አይድንም?» የሚለው የእናት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም አራት ነው።

አንደኛው መጠን ነው። አይጥ 25 ግራም ያህል ትመዝናለች። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2,400 አይጥ ያህል ነው። ለአይጥ የሚበቃው ለሰው አይበቃም፤ ለአንድ ሰው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዋስ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥራት፣ ያለ ምንም ተህዋሲ ማምረት ራሱን የቻለ ፋብሪካ ነው።

ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ነው። የዳኑት አይጦች አብዛኞቹ መከላከያ የሌላቸው እንደነበሩ ተናግሬያለሁ። ልጃችን ግን መከላከያ አላት፤ ያውም ቤታ ሕዋስን ለይቶ የሚያጠቃ መከላከያ። አዲስ ቤታ ሕዋስ ብንሰጣት ባዕድ ስለሆነ ያጠቃዋል፤ ቤታ ስለሆነም ያጠቃዋል። በ2016 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እነ ዳንኤል አንደርሰን ሕዋሳቱን ከባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔት በሚባል ጄል ሸፍነው፣ መከላከያቸው ሙሉ ለሆነ አይጦች ሰጡ። የአይጦቹ ስኳር ለ174 ቀን ተስተካክሎ ቆየ። ትልቅ ተስፋ ነው። ሆኖም ከኖቮሴል የተወለደው ቪያሳይት የተባለ ኩባንያ ሕዋሳትን በትንሽ ከረጢት ውስጥ አድርጎ በሰው ቆዳ ሥር ሲያስቀምጥ፣ አይጥ ላይ ሥራውን የሠራው ከረጢት በሰው ላይ ጠባሳ መሰል ሽፋን ለበሰ፤ ኦክስጅን ያጡት ሕዋሳትም ብዙዎቹ ሞቱ። አይጥና ሰው አንድ አይደሉም የምንለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዕጢ ነው። ሥራው ሳይመደብለት የቀረ አንድ ስቴም ሴል እንኳ ከተሰጠው መሃል ተደብቆ ከገባ ባልተፈለገ መንገድ ሊባዛ ይችላል። ስለዚህ ማጣራቱና ለዓመታት መከታተሉ ግድ ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው። በአይጥ 9 ወር አይተን «ዳነ» ልንል እንችላለን። የ10 ዓመት ልጅ ግን ሕዋሱ ለ50 እና ለ60 ዓመት እንዲሠራላት ነው የምትፈልገው።

በእነዚህ ምክንያቶች ከአይጥ በኋላ ወደ ሰው የሚቀርብ እንስሳ ይፈለጋል። በ2022 በቻይና የዴንግ ሆንግኩይ ቡድን ከሰው ስቴም ሴል የተሠሩ ደሴቶችን የስኳር በሽታ ላለባቸው ጦጣዎች ሰጠ። የጦጣዎቹ ስኳር ቀነሰ፤ ሕዋሳቱም ኢንሱሊን ማምረታቸው በደም ታወቀ። ውሎ አድሮ ግን የጦጣዎቹ መከላከያ የተሰጠውን ሕዋስ አጠቃው። የአይጥ ዜና ሲደርሳችሁ የጦጣውንም ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

በሰው ላይ እስካሁን የታየው

ዝም ብዬ ተስፋ ልቁረጥ የሚል ሰው እንዳይኖር በሰው ላይ የታየውንም ልናገር። ቨርቴክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሜልተንን ሥራ ተከትሎ የተሠሩ ሕዋሳትን ከ2021 ጀምሮ በሰው ላይ እየሞከረ ነው። በ2025 ይፋ በሆነው ውጤት ሙሉውን መጠን ከተቀበሉ 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አይወጉም ነበር። ተሳታፊዎቹ ተራ ሕመምተኞች አይደሉም፤ ስኳራቸው ሳይታወቃቸው እየወረደ ራሳቸውን የሚስቱ፣ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ችግር የነበረባቸው ዓይነት አንድ ሕመምተኞች ናቸው። ሁሉም የመከላከያ አቅምን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ይወስዳሉ። በጥናቱ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱ አንዱ የሞተው በማጅራት ገትር ኢንፌክሽን ነው። መከላከያው በመድኃኒት የተዳከመ ሰው ለእንዲህ ዓይነት ኢንፌክሽን እንደሚጋለጥ ነርስ ሁሉ ያውቃል።

በ2024 ደግሞ የዴንግ ቡድን ስለ አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ጻፈ። ከራሷ የሰውነት ሕዋስ በተሠሩ ደሴቶች በሆዷ ጡንቻ ሥር ታክማ፣ ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አቁማለች። ይህ አስደናቂ ነው። ነገር ግን ወጣቷ ከዚያ በፊት ጉበት ተተክሎላት ስለነበር መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቀድሞም ትወስድ ነበር። መድኃኒቱ ባይኖር ሕዋሱ ይቆይ ነበር ወይ ለሚለው የእሷ ጉዳይ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ዓይነት አንድ ላይ ያተኮሩ ናቸው። መርፌን በዕድሜ ልክ የመከላከያ ማዳከሚያ መድኃኒት መለወጥ ስኳሩ በኢንሱሊን ለተስተካከለ ልጅ ትርፍ አይሆንም። በኪኒንና በአመጋገብ ለሚኖሩት ዓይነት ሁለት ወላጆቻችን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን አባት ስልኩን ይዞ መጣ። የ12 ዓመት ልጁ ዓይነት አንድ ሕመምተኛ ናት። ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ በስቴም ሴል መርፌ «በሦስት ሳምንት ከኢንሱሊን እናላቅቃታለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆታል።

«ሲስተር፣ መኪናዬን ልሸጥ ነው፤ ደግ አደረግህ በይኝ» አለ።

«ወንድሜ፣ መኪናውን መሸጥህ አይደለም የሚያስፈራኝ» አልኩት። «ኢንሱሊኗን አቁሙ ቢሏትስ?»

«ከዳነች ታቁም እንጂ!»

«መዳኗን በምን አወቁ?»

ዝም አለ። ቁጭ ብለን ጥያቄ ጻፍንና ለክሊኒኩ ላክን። ጥያቄዎቹ ለእናንተም ይጠቅሟችኋልና እነሆ።

የምትሰጡት ሕዋስ ከምን የተገኘ ነው? ወደ ቤታ ሕዋስነት ተለውጧል ወይስ እንዲሁ ከስብ ወይም ከእትብት የተወሰደ ነው? ኢንሱሊን የሚያመርተው ቤታ ሕዋስ እንጂ «ስቴም ሴል» የሚለው ስም አይደለም።

ለዓይነት አንድ የተሞከረ ነው? በስንት ሰው? ውጤቱ የታተመው የት ነው? የአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቅዶታል?

ሙከራ ከሆነ ለምን እንከፍላለን? በአግባቡ በሚካሄድ ሙከራ ተሳታፊው ለሚሞከርበት ነገር ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ትሰጣላችሁ? ካልሰጣችሁ ሕዋሱን ከልጅቷ መከላከያ በምን ትደብቁታላችሁ?

ሕዋሱ መሥራቱን በምን ትለካላችሁ? ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚወጣ ሲ ፔፕታይድ የሚባል ነገር በደም ይለካል። ያንን ሳያዩ «ዳነች» ማለት አይቻልም። በትክክለኛው ጥናት ውስጥም ኢንሱሊን በአንድ ቀን አልቆመም፤ ስኳሩ እየተለካ ቀስ በቀስ ነው የተቀነሰው።

ክሊኒኩ መልስ ላከ። መልሱ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ቦታው እንዳያመልጣችሁ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። አባትየው አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ከተተው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለ። መኪናው ዛሬም በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጅቷን በየወሩ ወደ ክትትል የሚያመላልስባት እሷው ናት።

እስኪደርስ ድረስ

ይህን የጻፍኩት ማንም በዜና ምክንያት ኢንሱሊን እንዳያቆም ነው። ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቆም አደጋው ለዓመታት አይጠብቅም፤ በአንድና በሁለት ቀን ይመጣል። ውኃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ካያችሁ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው መርዛማ ሁኔታ ነውና ሳታድሩ ሐኪም ቤት ድረሱ። ልጅ ታሞ ምግብ እምቢ ሲል እንኳ ኢንሱሊን ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ውስጥ ግን አይግባ። ከቀዘቀዘ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከፀሐይ ተጠብቆ 28 ቀን ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ቤት በውኃ የረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጠርሙሱ ውኃ ሳይነካው፣ ጥላ ሥር ቢያኖረው ሙቀቱን ይቀንስለታል።

የሚቀጥለውን ለወላጆች በተለይ እላለሁ። ከስቴም ሴል የሚገኘው ሕክምና አንድ ቀን ወደ እኛም ሊደርስ ይችላል። ያን ቀን የሚጠቀመው ማን ነው? የተተከለን ሕዋስ ለመጠበቅ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ኩላሊትን የሚጎዱ አሉ፤ ኩላሊቱ አስቀድሞ በስኳር የተበላሸ ሰው እነሱን መሸከም ይከብደዋል። ዓይኑ የጠፋ፣ እግሩ የተቆረጠ ሰው ቤታ ሕዋስ ቢያገኝ ዓይኑና እግሩ አይመለሱለትም። ዛሬ በሰዓቱ የተወጋ መርፌ፣ ዛሬ የተለካ ስኳር፣ በየዓመቱ የታየ ዓይን፣ ማታ ማታ የተፈተሸ እግር፣ እነዚህ ሁሉ ለዚያ ቀን የሚቀመጥ ስንቅ ናቸው።

ስለዚህ ቀጣዩ ዜና ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በማን ላይ ተሞከረ? ለስንት ጊዜ ቆየ? መከላከያውን በምን አለፈው? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ልጃችሁን ጥሩና የማታውን መርፌ በሰዓቱ ስጧት።